ቅይጥ፣ ማስተርስ፣ አራት ወር

ሚስቴ ማስተርስ አላት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ሐምሌ 9 ቀን 2093 ዓ.ም.፣ ልጃችን ኬና በተወለደች በሁለተኛው ሰዓት፣ ሞጆ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። ነርሷ የእጅ ሰሌዳ አስያዘችኝና "ስድስቱን ሙላና አምጣልኝ" አለችኝ። የእናት ትምህርት፣ የአባት ትምህርት፣ ከዚያ የአራቱ አያቶች ብሔር። አባቴ ከጎኔ ቆሞ በትከሻዬ ላይ ያነባል።

ባለቤቴ ምንታምር ዲግሪ አላት። የማስተርስ ትምህርቷንም ጨርሳ የመመረቂያ ጽሑፏ ብቻ ነበር የቀራት፤ ቢያንስ እኔ የማውቀው እንደዚያ ነበር። "ዲግሪ" የሚለውን ልነካ ጣቴን ስዘረጋ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ይህ ሰው ከነቀምቴ የመጣው የልጅ ልጁን ሊያይ ነው። በሰፈሩ ደግሞ "ምራቴ ትምህርቱን ጨርሳዋለች" እያለ ሁለት ዓመት ሙሉ አውርቷል። ጉሮሮውን ሲጠርግ ጣቴ ዝቅ አለና "ማስተርስ" ላይ አረፈ። አባቴ ፈገግ አለ፣ እኔም ደስ አለኝ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ሰሌዳው ወዲያው ካርድ አወጣ። ቢጫ ነው። "ቅይጥ፣ ማስተርስ፣ አራት ወር" ይላል።

የወሊድ ፈቃድ የሚሰጠው እናትየዋ ታጠባለች ተብሎ በሚገመተው ልክ ነው። ነገሩ ሲጀመር ክፋት አልነበረውም። ድሮ ለሁሉም እኩል ይሰጥ ነበር ይባላል። ከዚያ ጥናቱ መጣ፤ ብዙ የተማረች ቶሎ ጡት ታስጥላለች፣ ብዙ ያልተማረች ታቆያለች፣ የወላጆች ብሔርም የራሱ ልዩነት አለው አለ። በተቆጠረበት ዓመት እውነት ሳይሆን አይቀርም። አንድ ብልህ ሰው ተነሣና "ታዲያ ለማታጠባ እናት ፈቃድ ለምን እናባክናለን?" አለ። ቀመሩ ተሠራ፤ በየመስከረሙም ይታደሳል። የተማሩት ፈቃዳቸው ስላጠረ ቶሎ ያስጥላሉ። ቶሎ ስላስጣሉ በዓመቱ ቀመሩ "ይኸው፣ ብያችሁ ነበር" ብሎ ትንሽ ይቀንስላቸዋል። የኛ ረድፍ ከአሥር ዓመት በፊት ዘጠኝ ወር ነበር።

ቅይጥ የሚባለው ረድፍ ደግሞ እንደኛ የተደባለቁት የሚጠራቀሙበት ነው። አባቴ ኦሮሞ፣ እናቴ ጉራጌ፣ የምንታምር አባት ከምባታ፣ እናቷ ጎጃሜ። ቀመሩ ከአራቱ የትኛውን እንደምንመስል ግራ ገባው፤ ስለዚህ ማንንም እንደማንመስል ወሰነ። መካሪ አያት፣ አራስ ጠያቂ ዘመድ የሌላቸው ሰዎች አድርጎ ነው የሚቆጥረን። በዚያ ሳምንት እኮ ቤታችን ውስጥ በአራት ቋንቋ ይመከር ነበር፤ መቀመጫ አጥቼ በረንዳ ላይ ነው የበላሁት።

በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ ተመርቃ ዲፕሎማዋን ሳትወስድ መቅረቷ የተለመደ ነበር። ሽማግሌ ሲላክ "ልጃችን ጨዋ ናት፣ ከአሥረኛ አላለፈችም" ይባላል፤ ልጅቷ ጓዳ ሆና የተማሪዎቿን የፊዚክስ ፈተና ታርማለች። የሥራ ባልደረባዬ ሁለት ዲግሪውን ደብቆ "እኔ እንኳ ከስምንተኛ ነው ያቋረጥኩት" እያለ ሲምል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። አገር ሁሉ ወደ ታች በሚዋሽበት ዘመን ወደ ላይ የዋሸሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ምንታምር ካርዱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

"ማስተርስ አላት ማን አለህ?"

"አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ" አልኳት።

ሳቀች። ገና ከምጥ የተነሣች ሴት ስትስቅ እንደሚያማት ያን ቀን ነው ያወቅኩት። "ወይ ደቻሳ!" አለች ሆዷን ይዛ፤ "ሦስት ወር በላህብኝ እኮ!" የዲግሪ ረድፍ ሰባት ወር ነበር።

ሦስት ወር ቀላል አይምሰላችሁ። ምንታምር የምትሠራው አፍዴራ፣ ጨው ሐይቁ ዳር ያለ የባትሪ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እዚያ በጋው ከሃምሳ ዲግሪ በላይ ስለሚሄድ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲገባ ሕጉ አይፈቅድም። ፈቃዷ ሲያልቅ አሥራ ሁለት ቀን እዚያ ትሆናለች፣ አሥራ ሁለት ቀን እኛ ጋ። ያውም ካርዷ ክፍት ከሆነ ነው። ከተዘጋ እንደማንኛውም ሠራተኛ ሃያ አራት ቀን እዚያ፣ ስድስት ቀን ቤቷ።

ካርዱን የምትዘጋው ደግሞ ቁልፏ ናት። ነርሷ ኬና አንገትጌ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነገር ሰፍታለች። ኬና ጡት በያዘች ቁጥር ቁልፏ ቀጭ ትልና ትቆጥራለች። ጡጦ አትቆጥርም። ሰባት ቀን ሙሉ ምንም ካልቆጠረች "ጡት ጥላለች" ብላ ካርዱን ትዘጋለች፤ የተዘጋ ካርድ አይከፈትም። አሥራ ሁለት ቀን የምትሄድ እናት በሰባት ቀን የማይዘጋ ካርድ ከየት እንደምታመጣ ደንቡን የጻፈው ሰው አላሰበበትም። ወይም በደንብ አስቦበታል።

ጎረቤታችን ሸምሲያ ከኛ ሦስት ሳምንት ቀድማ ሙአዝ የሚባል ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። የኛና የሷ ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያየው። የሷ ካርድ አረንጓዴ ነው፤ "ስልጤ፣ ሰባተኛ ክፍል፣ ሃያ ሰባት ወር።"

"ወላሂ ጋሼ፣ ሰው አሥራ ስምንት ዓመት ተምሮ አራት ወር!" ትለኛለች። "እኔ ከሰባተኛ ወጥቼ ሃያ ሰባት። ምነው ከስድስተኛ በወጣሁ፣ ሠላሳ ይሞላልኝ ነበር።"

ታሾፋለች እንጂ የሷም ካርድ የራሱ ጣጣ ነበረው። ልብስ ስፌት ሥራ ልትቀጠር ሄዳ ካርዷን ሲያዩ "ሃያ ሰባት ወርሽን ጨርሰሽ ነይ" ብለው መለሷት። ይህን ስትናገር አታሾፍም።

ሸምሲያ ኬናን ገና ሳትወለድ ጀምሮ "ምራቴ" እያለች ነበር የምትጠራት። ሙአዝን ይዛ ትመጣና ከኬና ጎን አስተኝታ "እይ፣ ሚስትህን!" ትለዋለች። ምንታምር ደግሞ "እስቲ ጥሎሹን እናየዋለን" ትላለች። የሃይማኖቱን ነገር ሲያድጉ ራሳቸው ይጨርሱት ብለን ትተነዋል።

እኔ ግን የበላሁትን ሦስት ወር ልመልስ ቆርጬ ተነሣሁ። ወሩን የሚደለድለው የድልድል ቢሮ የሚባለው ጋ ሄድኩ። አቶ ውብእሸት የሚባሉ፣ ጠረጴዛቸው ላይ ለሕፃናት ከረሜላ የሚያስቀምጡ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ተቀበሉኝ።

"ዋሽቻለሁ" አልኳቸው። "ባለቤቴ ማስተርስ የላትም።"

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "እዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ ዋሽቶ ነው የሚመጣው፤ ግን ቀንሶ። ጨምሬያለሁ ብሎ የመጣ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።" መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና "ማረም ይቻላል። እንዳልጨረሰች የሚገልጽ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው ያምጡ" አሉኝ።

ሚስቴ አልተማረችም የሚል ደብዳቤ ይጻፍልኝ ብዬ ጻፍኩ። መልሱ በአራተኛው ቀን ሥራ ቦታ ደረሰኝ። የደረቅ ወደቡ ባቡሮች ፍሬን ፈታሽ ነኝ፤ ሁለት ፉርጎ መሀል ቆሜ ነው ያነበብኩት። "ተማሪ ምንታምር ሄራሞ የመመረቂያ ጽሑፏን ሐምሌ 3 ቀን 2093 ዓ.ም. አቅርባ በከፍተኛ ውጤት አልፋለች።"

ሐምሌ 3 ቀን ከወለደችበት ቀን በፊት ስድስተኛው ቀን ነው። ያን ዕለት "ክትትል አለኝ" ብላኝ ነበር የወጣችው። ያንን ሆድ ይዛ፣ አምስት መምህራን ፊት ቆማ፣ ስለ ጨው ስታስረዳ ውላ ማታ ቤት ገብታ "ሐኪሙ ደህና ነሽ ብሎኛል" አለችኝ። ውሸታም ነኝ ብዬ ልናዘዝ ሄጄ እውነተኛ ሆኜ ተመለስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝና እንደዚያ የከፋኝ እውነት የለም።

ቤት ስገባ ደብዳቤውን አሳየኋት።

"ለክርስትናዋ ቀን ነበር ልነግርህ የፈለግኩት" አለችኝ። "አባትህ ፊት። ሁለተኛ ጉሮሮውን እንዳይጠርግ።"

አቅፌ ሳምኳት። ኬና መሀላችን ተጨፍልቃ ጮኸች።

አቶ ውብእሸት ደብዳቤውን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷል" አሉኝና መሳቢያቸውን ሳቡ። ቅጹ "የትምህርት መተዊያ" ይባላል። እናትየዋ ማስተርሷን ትታለች ብላ ብትፈርም ሰባት ወር፤ የመጀመሪያ ዲግሪዋንም ጭምር ብትተው አሥራ አራት። የተፈረሙት ወረቀቶች መሳቢያውን እስከ አፉ ሞልተውታል። "ሦስት መቶ አሥራ ሁለት እናቶች አሉ እዚህ ውስጥ" አሉ። ጣታቸውን የወረቀቱ ጠርዝ ላይ አሳረፉ። "የኔም ልጅ አለችበት። ሐኪም ነበረች።"

ቅጹን ይዤ መጣሁ። አልደብቃችሁም፣ እንድትፈርም ፈልጌ ነበር። ምንታምር ኬናን እያጠባች እስከ መጨረሻው አነበበችው።

"አሥራ አራት ወር" አለች።

"አሥራ አራት ወር።"

"ኬና አድጋ 'እማዬ ምን ተምረሻል?' ብትለኝ ምን እላታለሁ? አንቺን ላጠባ ብዬ ምንም አልተማርኩም ልበላት? ይህን የሚያህል ሸክም በልጅ ጫንቃ ላይ አይጫንም፣ ደቻሳ። ልጅቷ ወተት ነው የጠየቀችኝ።" ቅጹን አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው፣ ከዚያ ዓመት ሙሉ ሲወዛወዝ ከኖረው የአልጋችን አንድ እግር ሥር ወሸቀችው። አልጋው ጸጥ አለ።

ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ጡጦ ማስለመድ የኔ ሥራ ሆነ። ምንታምር አልባ ትሰጠኛለች፣ ከቤት ትወጣለች፣ እኔ እሞክራለሁ። ኬና ጡጦውን ስታይ አፏን ትገጥማለች። በማንኪያ ሞከርኩ፣ በሲኒ ሞከርኩ። አንድ ቀን የምንታምርን ሻርፕ ተከናንቤ ሞከርኩ፤ ኬና ሻርፑን አየች፣ ፂሜን አየች፣ ሰፈሩን በጩኸት አናጋችው። እናቷ ስትመለስ ሁለታችንም እያለቀስን አገኘችን። ልጅ እንደሚራብ እያወቁ ቀን መቁጠርን ለማንም አልመኝም።

ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ አንድ ረፋድ ላይ ሸምሲያ ሳታንኳኳ ገባች። ሙአዝ ጀርባዋ ላይ ነው። ሁልጊዜ የምትለውን ቀልድ አላለችም።

"ምንቴ" አለች፤ "ይቺ ልጅ በግድግዳው ውስጥ ስታለቅስ ሁለት ሳምንት ሰማሁ። ከዚህ በላይ ጡቴ አልቻለም። አንቺ ስትሄጂ እኔ ላጥባት?"

ምንታምር ኬናን ደረቷ ላይ አስጠጋቻት።

"አንድ ነገር ግን እወቁ" አለች ሸምሲያ። "በኛ ዘንድ ካጠባኋት ልጄ ናት፤ የሙአዝ እህት ናት። እህትና ወንድም አይጋቡም። ምራትነቱ ቀረ ማለት ነው።" ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ። "ወላሂ፣ የሰርጉን ልብስ ሁሉ በሐሳቤ ሰፍቼው ነበር።"

ምንታምር ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። "እኔ የምፈራው" አለች፣ "ረስታኝ ብትቀርስ? ስመለስ አንቺን እናቴ ብላ እኔን እንግዳ ብታደርገኝስ?"

ሸምሲያ ተቆጣች። ከልቧ። "እኔ ቤት ሆና ነው እናቷን የምትረሳው? ባጠባኋት ቁጥር ስምሽን እጠራላታለሁ። እምቢ ካለች ጆሮዋን ነው የምቆነጥጣት!"

እንዲህ ያለ ነገር በጓዳ አይደረግም ብላ ምስክር አስጠራች። ባሏ ኑረዲን መጣ፣ እናቷ ከወራቤ መጡ፣ የኔም አባት ከነቀምቴ ተመልሶ መጣ። ሸምሲያ በነጠላዋ ተሸፍና ኬናን ታቀፈች። "ከዛሬ ጀምሮ ኬና ደቻሳ የጡት ልጄ ናት። ሙአዝ ወንድሟ ነው። ኋላ አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር" አለች። ኬና አንድ ጊዜ ፊቷን አዙራ እናቷን ፈለገች፣ አየቻት፣ ከዚያ ተመልሳ ያዘች። ቁልፏ ቀጭ አለች። የማን ጡት ነው ብላ አልጠየቀችም። ምንታምር ግን አንዲት ፎጣ ይዛ አምስት ጊዜ አጠፈች፣ አምስት ጊዜ ፈታች። ደስ ብሏት ነበር፤ ቀንታም ነበር። ሁለቱም ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

"በኛም አገር እንዲህ ያለ ነበር" አለ አባቴ። "ጡት የተጣባ ሰው ደም አይፋሰስም ይሉ ነበር ሽማግሌዎች።" ወደኔ ዞረ። "ያ ቀመር የምትሉት፣ ይህንን የሚጽፍበት ረድፍ አለው?"

"የለውም አባባ።"

"ጥሩ ነው" አለ።

ምንታምር ኅዳር 9 ቀን በጠዋቱ ባቡር ሄደች። በምሳ ሰዓቷ ትደውላለች። ደህና ናችሁ አትልም፣ መጀመሪያ "ዛሬ ስንት ቆጠረች?" ነው የምትለው። ስምንት እላታለሁ፣ ዘጠኝ እላታለሁ። እሷም ወተቷ እንዳይደርቅ በቀን አራት ጊዜ ትታለብ ነበር። ፋብሪካው የእናቶች ክፍል አለው፤ በሩ የሚከፈተው ግን ፈቃዳቸው ላላለቀ ነው። ስለዚህ መፍቻና ብሎን የሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ ገብታ፣ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ነበር የምትታለበው።

"የት ታደርጊዋለሽ?" ብዬ ጠየቅኳት አንድ ቀን።

"ጨው ላይ አፈሰዋለሁ። ነጭ በነጭ ስለሆነ ማንም አያይም" አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። እኔም ስለ ፉርጎ ፍሬን አወራሁላት።

በግድግዳው በኩል ሸምሲያ ስታጠባ ይሰማኛል። "ምንታምር" ትላታለች ኬናን፣ ደጋግማ። "እናትሽ ምንታምር ናት። ባሕር የሚያህል ጨው ላይ ናት ያለችው፤ ለኛ ወጥ ጨው ልታመጣ ነው።" ቃሏን አንድም ቀን አላጠፈችም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ምንታምር ተመለሰች። ቦርሳዋን በር ላይ ጥላ በቀጥታ ሸምሲያ ቤት ገባች። ኬና ሸምሲያ እቅፍ ውስጥ ነበረች። እናቷን አየች፤ ትክ ብላ አየች። ከዚያ ፊቷን የሸምሲያ አንገት ውስጥ ቀበረች።

ምንታምር ቆማ ቀረች። ፊቷ ምን እንደሚመስል ልጽፈው አልችልም።

ሸምሲያ ልጅቷን አንሥታ አልሰጠቻትም። "ነይ ተቀመጪ" አለቻት፣ ፍራሹ ላይ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት። ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። ስለ ባቡሩ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሙአዝ ጥርስ አወሩ። ምንታምር ከጉዞ እንደመጣች ነበረች፤ ጨው ጨው ትሸታለች። እየቆየ ኬና አንድ ዓይኗን አወጣች። እጇን ዘረጋች። የእናቷን የጆሮ ጉትቻ ያዘች፣ ሳበች፣ ጉትቻውን ተከትላ መላ ሰውነቷ መጣ። አፏን ከፍታ ፈለገች፣ አገኘች።

ቁልፏ ቀጭ አለች።

"አመመኝ" አለች ምንታምር። እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ሸምሲያ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ "እስቲ አሁን ትርሳሽ!" አለች። እኔ ወጥቼ የተጣለውን ቦርሳ አነሣሁ፤ ሌላ የማደርገው ነገር አጣሁ።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ። አሥራ ሁለት ቀን ምንታምር፣ አሥራ ሁለት ቀን ሸምሲያ። ኬና አንደኛዋን "እማዬ"፣ ሁለተኛዋን "ኡሚ" ብላ አፍዋን ፈታች። ካርዱ አንድም ቀን አልተዘጋም። ሃያ ስድስት ወር ሲሞላት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እናቷ ልታጠባት ስትጠራት ኬና አሰብ አደረገችና "በቃኝ" አለች። ሙአዝ ጋ ቆሎ ልትበላ ሮጠች። ሙአዝ ራሱ ግን ሃያ ሰባቱን ሳይሞላ አልጣለም፤ ሸምሲያ "ልጄ ደንብ አክባሪ ነው" ትላለች።

በወሩ የድልድል ቢሮው ጠራን። ከኬና ጋር ሦስታችንም ሄድን። አቶ ውብእሸት ሸብተው ነበር። ሰሌዳቸውን አዞሩልን።

"በረድፋችሁ ውስጥ ከእናንተ ሌላ ዘጠኝ እናቶች ናቸው ያሉት" አሉ። "ዘጠኙም አራት አራት ወር ነው ያጠቡት። የእናንተ ሃያ ስድስት ይላል። ቀመሩ ስህተት መሆን አለበት ብሏል፤ የሚፈልገው ፊርማችሁን ነው። ስህተት ነው ብላችሁ ከፈረማችሁ ይሰረዛል፣ በዚሁ ያበቃል። አይደለም ካላችሁ ይገባል፤ ግን ምክንያት መጻፍ አለበት።"

እስክሪብቶውን አነሣሁ። ልማድ ነው፤ ቅጽ ሳይ እጄ ይቀድመኛል።

"አንተ ቅጽ አትሞላም" አለች ምንታምርና ከእጄ ወሰደችው።

"ይህ መረጃ ስህተት ነው?" ለሚለው "አይደለም" ብላ ጻፈች። ምክንያት ከሚለው ሥር ሦስት ሣጥን ነበር፦ የወላጆች ትምህርት፣ የወላጆች ብሔር፣ ሌላ። ሌላ የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ከፊት ለፊቱ ያለችው መስመር አጭር ናት። ትንሽ አሰበችና ጻፈችባት፦

"ጎረቤት ነበረኝ።"

አቶ ውብእሸት ወረቀቱን ለሁለት ቃል ከሚበቃው ጊዜ በላይ ይዘውት ቆዩ። ከዚያ ማኅተሙን አነሡና መቱት። ለኬና ከረሜላ ሰጧት። ኬና ተቀብላ እጇን እንደገና ዘረጋች። "ለሙአዝም" አለች።

"ሙአዝ ማነው?"

"ወንድሜ ነው።"

ሰውየው እኛን አዩን፣ ወረቀቱን አዩ፣ ሁለተኛ ከረሜላ ሰጧት።

በመስከረም አዲሱ ቀመር ባቡር ጣቢያው ግድግዳ ላይ ወጣ። ምንታምርን ልሸኛት ሄጄ ነበር። ከሰው መሀል ገብተን ረድፋችንን ፈለግን። "ቅይጥ፣ ማስተርስ፣ ስድስት ወር ከስድስት ቀን" ይላል። ምንታምር በጣቷ ቆጠረች። ዘጠኝ እናት አራት አራት፣ አንዲት እናት ሃያ ስድስት፣ ለአሥር ሲካፈል።

"ሁለት ወር ከስድስት ቀን ጨመረ" አለች።

"ለኛ እኮ አይደለም።"

"አይደለም" አለች፣ ደስ ብሏት።

አጠገባችን አንዲት ነፍሰ ጡር ቆማ ነበር፤ የማናውቃት፣ መጽሐፍ ብብቷ ሥር የያዘች። ጣቷን ከላይ ወደ ታች እያወረደች መጣችና እኛ ረድፍ ላይ አቆመች። አምና ስንት እንደነበር ታውቅ ነበር መሰለኝ፣ ደግማ አየችው። ከዚያ መዳፏን ሆዷ ላይ አድርጋ በከንፈሯ ወራት መቁጠር ጀመረች፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ስድስት ላይ ፈገግ አለች።

ደረቴን ነፋሁ። ወደሷ ዞሬ፣ ይህንን ያደረገችው የኔ ሚስት ናት ልል አፌን ከፈትኩ።

ምንታምር ጉሮሮዋን ጠረገች።